ሦስት ፊቶችና አንድ ንስር፦ የፊሊፒንስ የአንድ ሺህ ፔሶ ኖት ታሪክ

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የትምህርት ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በአቅራቢው የታረመ)



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ማግስት አንድ ባልደረባዬ በመተላለፊያው አስቁሞ፣ «የኛ ብር ታሪክ አልቆብህ ነው ወደ ፔሶ የተሻገርከው?» ሲል ጠየቀኝ። ስቄ አለፍኩ። ጥያቄው ግን መልስ ይገባዋል፤ መልሱም ከአንድ ኀፍረት ይጀምራል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ለአንድ ጉባኤ ማኒላ ሄጄ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) የያዝኳትን ጥቂት ዶላር ስመነዝር ወጣቱ ሠራተኛ ሰማያዊ የአንድ ሺህ ፔሶ ኖቶችን ቆጥሮ ሰጠኝ። በእያንዳንዱ ኖት ላይ ሦስት ፊቶች አሉ፦ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት። እነማን እንደሆኑ ጠየቅሁት። ኖቱን እንደ አዲስ አገላብጦ አየና፣ «ጀግኖች ናቸው፤ የጦርነት ጊዜ ጀግኖች» አለኝ። ስማቸውን ግን አላስታወሰም፤ ከሥዕሉ ሥር አነበበልኝ። በልቤ ታዘብኩት። ወደ ማረፊያዬ ስመለስ ግን ትዝብቱ ወደ ራሴ ዞረ። ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ለብዙ ዓመታት አስተምሬአለሁ፤ ስለ ማኒላ መውደም፣ ስለ ባታን የሞት ጉዞ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ እናገራለሁ። ከሦስቱ ሰዎች የአንዱን እንኳ ስም አላውቅም ነበር። የማውቀው ማክአርተርን ነው። በፊሊፒንስ ስለተካሄደ ጦርነት ሳስተምር አንድም ፊሊፒናዊ በስም አልጠራሁም ማለት ነው።

ያን ኖት ሳልመነዝረው ይዤው መጣሁ፤ ይኸውላችሁ። ሌላውን፣ በግራ እጄ የያዝኩትን፣ ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ወዳጄ ከዚያው አገር ሲመለስ አመጣልኝ። ይኸኛውም አንድ ሺህ ፔሶ ነው፤ ቀለሙም ሰማያዊ ነው። ነገር ግን ወረቀት አይደለም፣ ፊቶቹም የሉም። በእነርሱ ቦታ አንድ ንስር ተቀምጧል። የዛሬ ንግግሬ ከዚህኛው ወደዚያኛው እንዴት እንደተሸጋገርን ነው።

ከገንዘቡ በፊት ስለ ሰዎቹ ልናገር።

ሆሴ አባድ ሳንቶስ በ1886 በፓምፓንጋ ግዛት፣ በሳን ፈርናንዶ ከተማ ተወለዱ። የአሜሪካ ቅኝ አስተዳደር ጎበዝ ወጣቶችን እየመረጠ በመንግሥት ወጪ ወደ አሜሪካ ይልክ በነበረበት ጊዜ ከተላኩት አንዱ ነበሩ፤ ሕግ ተምረው ተመለሱ። ዳኛ ሆኑ፣ የፍትሕ ሚኒስትር ሆኑ። በዲሴምበር 1941፣ የጃፓን ጦር በሉዞን ደሴት እየገሠገሠ ሳለ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የበላይ ዳኛ ሆነው ተሾሙ። መንግሥቱ ማኒላን ለቆ በባሕረ ሰላጤው አፍ ላይ ወዳለችው የኮሬጊዶር ምሽግ ሲሸሽ አብረው ሄዱ፤ በዚያ በተመናመነ የጦርነት ካቢኔ ውስጥም የፋይናንስን ሥራ ደርበው ያዙ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የገንዘብ ታሪክ የሚያጠና ሰው ከዚህ የተሻለ ትዕይንት አያገኝም። መንግሥት ሲሸሽ ግምጃ ቤቱን ምን ያደርገዋል? ወርቁ በየካቲት 1942 ትራውት በተባለች የአሜሪካ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ተጭኖ ወጣ። የወረቀቱ ገንዘብ፣ ቁጥሩ ከተመዘገበ በኋላ፣ ተቃጠለ። ብሩ ግን ከባድ ነው፤ አይቃጠልም፣ ሁሉም በሰርጓጅ መርከብ አይጫንም። ከ15 ሚሊዮን የሚበልጥ የብር ፔሶ ሳንቲም በሣጥን በሣጥን ሆኖ በካባዮ ደሴት አጠገብ ወደ ባሕር ተጣለ። ጃፓኖች ነገሩን በደረሱበት ጊዜ የአሜሪካ ምርኮኛ ጠላቂዎችን አስገድደው ሊያስወጡት ሞከሩ፤ ጠላቂዎቹም በተቻላቸው መጠን ሥራውን አበላሹት፣ ያወጡትንም በድብቅ እየከፈሉ ለእስረኛ ወዳጆቻቸው አሳለፉ ይባላል።

ወደ አባድ ሳንቶስ እንመለስ። ፕሬዝዳንት ኬሶን ወደ አውስትራሊያ፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ሲሄዱ አብረዋቸው እንዲሄዱ ምርጫ ሰጧቸው። ቀረሁ አሉ። ኬሶንም በሌሉበት በጃፓን ባልተያዙት ግዛቶች በስማቸው እንዲያስተዳድሩ ሥልጣን ሰጧቸው። በኤፕሪል 1942 በሴቡ ደሴት ከልጃቸው ጋር ተያዙ። ማንነታቸውን አልደበቁም። ከወራሪው ጋር እንዲተባበሩ ተጠየቁ፤ ለሕገ መንግሥቱ የማልሁትን ማፍረስ ነው ብለው እምቢ አሉ። በሜይ 1942 በሚንዳናው ደሴት ማላባንግ በምትባል ከተማ ተረሸኑ። ከመሞታቸው በፊት ከልጃቸው ጋር ጥቂት ደቂቃ ተፈቀደላቸው። ልጁ ሲያለቅስ እንዳያለቅስ፣ ለአገር የመሞት ዕድል ለሁሉ ሰው እንደማይደርስ ነገሩት። ይህን የምናውቀው ከጦርነቱ በሕይወት ከተረፈው ከልጁ ምስክርነት ነው። የታሪክ ተማሪዎች እንደመሆናችሁ ምስክሩ አንድ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ፤ እኔ በበኩሌ አምነዋለሁ፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ አድራጎታቸው ከዚህ ንግግር ጋር ይስማማል።

ቪሴንቴ ሊም በ1888 በካላምባ ተወለዱ፤ ካላምባ የብሔራዊው ጀግና የሆሴ ሪዛልም የትውልድ ከተማ ናት። ከፊሊፒናውያን መካከል ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ለመመረቅ የመጀመሪያው ሰው ናቸው፤ ዓመቱ 1914 ነው። በባታን ልሳነ ምድር የ41ኛው ክፍለ ጦር አዛዥ ሆነው ተዋጉ። ባታን በኤፕሪል 9 ቀን 1942 እጅ ሲሰጥ ተማረኩ፣ ከሞት ጉዞውም ተረፉ። በሕመም ምክንያት ከተለቀቁ በኋላ ግን አላረፉም፤ በምስጢር ከደፈጣ ተዋጊዎች ጋር መሥራት ቀጠሉ። በጁን 1944 በሰርጓጅ መርከብ ወደ አውስትራሊያ ለመውጣት መንገድ ላይ ሳሉ ተያዙ። በዚያው ዓመት መጨረሻ እንደተገደሉ ይታመናል።

ሦስተኛዋ ሆሴፋ ያኔስ ኤስኮዳ ናቸው። በ1898 በሰሜን ኢሎኮስ ዲንግራስ ተወለዱ። መምህርት ነበሩ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነበሩ፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ አጥንተዋል። በ1940 የተመሠረተው የፊሊፒንስ የሴት ልጆች ስካውት ድርጅት መሥራች ናቸው። ከዚያ በፊት ደግሞ ለሴቶች የመምረጥ መብት ከታገሉት ግንባር ቀደሞች መካከል ነበሩ፤ ይህን ትግል ላስረዳ፣ ቁጥሩ ያስደንቃልና። የ1935ቱ ሕገ መንግሥት ሴቶች የመምረጥ መብት የሚያገኙት ሴቶቹ ራሳቸው በሕዝበ ውሳኔ ወጥተው ቢያንስ 300,000 የድጋፍ ድምፅ ከሰጡ ብቻ ነው ይላል። ወንድ ለመምረጥ መብቱ እንዲህ ያለ ፈተና አልተቀመጠለትም። በኤፕሪል 30 ቀን 1937 ሴቶቹ ወጡ፤ 447,725 «አዎ» አሉ፣ 44,307 «አይ» አሉ።

ጦርነቱ ሲመጣ ኤስኮዳ የሴቶች ማኅበራትን መረብ ወደ ሌላ ሥራ አዞሩት። በእስረኞች ካምፕ ለሚማቅቁት ፊሊፒናውያንና አሜሪካውያን ምግብ፣ መድኃኒት፣ ልብስና መልእክት ማድረስ ጀመሩ። ባለቤታቸው አንቶንዮ ኤስኮዳ ጋዜጠኛ ነበሩ፤ በጁን 1944 ተይዘው ከጄኔራል ሊም ጋር ታሰሩ። እርሳቸውም በነሐሴ መጨረሻ ተያዙ። በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት በጃኑዋሪ 1945 መጀመሪያ ነው፤ የማኒላ ጦርነት ሊጀመር አንድ ወር ሲቀረው።

የሦስቱም አስከሬን አልተገኘም።

ይህን ከያዝን በኋላ ወደ ገንዘቡ እንሂድ። ሦስቱ በሞቱባቸው ዓመታት በፊሊፒንስ ገበያ ምን ዓይነት ገንዘብ ይዘዋወር ነበር? ወራሪው ጦር ማኒላ የገባው የራሱን ፔሶ ይዞ ነው። በኖቱ ላይ የባንክ ስም የለም፤ የተጻፈው «የጃፓን መንግሥት» የሚል ብቻ ነው፣ እሱም በእንግሊዝኛ። እስያን ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ነፃ ላወጣ መጣሁ የሚል ኃይል ገንዘቡን በእንግሊዝኛ ማተሙን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። መያዣ የሌለው ገንዘብ እንደመሆኑ ጦሩ በፈለገው መጠን አተመው፤ ዋጋው ወደቀ። ሕዝቡ «የሚኪ ማውስ ገንዘብ» ብሎ ሰየመው። መጀመሪያ ከፍተኛው ኖት አሥር ፔሶ ነበር፣ ቀጥሎ መቶ መጣ፣ ቀጥሎ አምስት መቶ፣ በመጨረሻም አንድ ሺህ። በዚያ አንድ ሺህ ፔሶ የሚገዛው ነገር ግን ከቀን ወደ ቀን እያነሰ ሄደ።

በሌላ ወገን ደግሞ ሌላ ገንዘብ ነበር። ባልተያዙት ደሴቶችና ተራሮች የግዛት ቦርዶችና የደፈጣ ተዋጊ ኃይሎች የራሳቸውን የአስቸኳይ ጊዜ ኖት አተሙ፤ በተገኘው ወረቀት፣ በተገኘው ቀለም፣ አንዳንዴ በእንጨት ማተሚያ። ወራሪው ይህን ገንዘብ መያዝ ከባድ ቅጣት የሚያስከትል ወንጀል አደረገው። እንግዲህ አንድ ገበሬ ሩዙን ሲሸጥ የትኛውን ወረቀት ልቀበል የሚለው ጥያቄ የፖለቲካ ጥያቄ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሊሬን አልቀበልም ብሎ የማርያ ተሬዛን ብር የሙጥኝ ያለውን የኛን ገበሬ ያስታውሰን ይሆናል፤ ልዩነቱ የኛው ገበሬ አሮጌ ብር ነበረው፣ የፊሊፒንሱ ግን ጎረቤቱ ያተመውን ወረቀት ማመን ነበረበት።

ከጦርነቱ በኋላ የጃፓኑ ፔሶ ዋጋ ቢስ ሆነ፤ የደፈጣ ተዋጊዎቹ ኖት ግን እየተመዘገበ በከፊል ተቤዠ።

የአዲሱ ሪፐብሊክ ማዕከላዊ ባንክ በ1949 ተቋቋመ። የአንድ ሺህ ፔሶ ኖት ግን ያወጣው ዘግይቶ፣ በ1991 ነው። በዚያ ዘመን በነበሩት ኖቶች ላይ የምናገኛቸው ሰዎች አብዛኞቹ የአገር መሪዎች ናቸው፦ በሃያው ላይ ኬሶን፣ በአምሳው ላይ ኦስሜንያ፣ በመቶው ላይ ሮሃስ። በሺው ላይ ግን ፕሬዝዳንት የሚባል ሰው የለም። አንድ ዳኛ፣ አንድ ወታደር፣ አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ናቸው፤ የሚያገናኛቸውም ሹመት ሳይሆን አሟሟታቸው ነው። ወራሪው ያተመው ትልቁ ቁጥር አንድ ሺህ ነበር፤ ከአርባ ስድስት ዓመት በኋላ ያው ቁጥር ወራሪው የገደላቸውን ሰዎች ተሸክሞ ተመለሰ። ነዳፊዎቹ ይህን አስበውት ነበር አልልም። እኔ ግን ኖቱን ባየሁ ቁጥር ይታየኛል።

እዚህ ላይ የመቶውን ኖት ከሺው አጠገብ አድርጋችሁ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። ማኑኤል ሮሃስ በወረራው ዘመን ጃፓኖች ባቋቋሙት መንግሥት ውስጥ ሠርተዋል። ደጋፊዎቻቸው በምስጢር ለአርበኞቹ ያገለግሉ ነበር ይላሉ፤ ማክአርተርም ነፃ አደረጓቸው። በ1946 ፕሬዝዳንት ሆኑ፤ በ1948 ከወራሪው ጋር በፖለቲካና በኢኮኖሚ ተባብረዋል ለተባሉት ምሕረት አወጁ። እንግዲህ በአንድ ፊሊፒናዊ ቦርሳ ውስጥ «እምቢ» ብለው የሞቱና በአሻሚ መንገድ ተርፈው አገር የመሩ ሰዎች ተጣጥፈው ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። ከወረራ የወጣ አገር ሁሉ ይህን ጥንድ ያውቀዋል። ገንዘቡ አልፈረደም፤ በዋጋ ግን አበላልጧል፣ አሥር ለአንድ።

የ1991ዱ ኖት ጀርባ የባናዌን የሩዝ እርከኖች፣ የማኑንጉልን ጥንታዊ የቀብር ማሰሮ ክዳን፣ ላንጋል የሚባለውን የሙስሊሞች ትንሽ የጸሎት ቤት ይዞ ነበር፤ ሰሜኑን፣ መካከሉንና ደቡቡን ለማሳየት ይመስላል። በዲሴምበር 2010 አዲስ የኖት ትውልድ ሲወጣ ሦስቱ ፊቶች ቀሩ፤ ጀርባው ግን ተለወጠ። የቱባታሃ የኮራል ሪፍና የደቡብ ባሕር ዕንቁ ገቡበት። እኔ የያዝኩት ይህን ነው። በዚያ ጊዜ የአገሩ ሰዎች ብዙ ስሕተት ለቀሙ፦ በአምስት መቶው ላይ የተሣለችው በቀቀን ቀለሟ ትክክል አይደለም፣ የሳይንስ ስሞቹ በደንቡ አልተጻፉም፣ ካርታው ቦታ ስቷል እያሉ። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎም የፕሬዝዳንቷ የአሮዮ ስም አንድ ፊደል ተሳስቶ የታተመባቸው የመቶ ፔሶ ኖቶች ገበያ ገብተው ነበር። ሰው ገንዘቡን አያነብም የምንል ሁሉ ይህን እናስታውስ። ስሕተት ሲኖርበት ያነበዋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ወረቀት ስል በትክክል ወረቀት ማለቴ አይደለም፤ የፊሊፒንስ ኖት 80 በመቶው ጥጥ፣ 20 በመቶው አባካ ነው። አባካ ምንድን ነው? ሙዝ የሚመስል ተክል ነው፣ የሚፈለገው ግን ለፍሬው ሳይሆን ለግንዱ ቃጫ ነው። ዓለም በብዛት የሚያገኘው ከፊሊፒንስ ነው፤ የመርከብ ገመድ ይሠራበት ስለነበር በንግድ ዓለም «የማኒላ ሄምፕ» ይባል ነበር። በዚህ አዳራሽ ከጉራጌ፣ ከሲዳማ፣ ከከምባታ የመጣችሁ ግን ሳታውቁት ታውቁታላችሁ፤ አባካ ከእንሰት ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ይመደባልና። እናቶቻችን ለቆጮ ሲፍቁ ከሚያወጡት ቃጫ ጋር ዘመድ የሆነ ነገር በዚህ ኖት ውስጥ አለ። ዳስሱት፤ ሲታጠፍ የሚያሰማው ድምፅ የዚያ ነው። (ይህን በማኒላው ጉባኤ ለአንድ የዕፅዋት ሊቅ ብነግራቸው እንሰት ምን እንደሚመስል ግማሽ ሰዓት ጠየቁኝ፤ የጉባኤው ምርጥ ግማሽ ሰዓት ያ ነበር።)

በዲሴምበር 2021 ማዕከላዊው ባንክ የአንድ ሺህ ፔሶ ኖት በፖሊመር፣ ማለትም በፕላስቲክ፣ በሙከራ ደረጃ እንደሚታተም አስታወቀ። ኅትመቱ የሚከናወነው በአውስትራሊያ ነበር፤ አውስትራሊያ በ1988 የመጀመሪያውን የፖሊመር ኖት ያወጣች አገር ናት። ብዛቱ 500 ሚሊዮን ኖት፣ የሙከራው ዘመን እስከ 2025። ምክንያቶቹ የሚናቁ አልነበሩም። ፖሊመር ከወረቀት ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል፤ ላብና እርጥበት አይበላውም፤ በወረርሽኙ ዘመን ሊጸዳ መቻሉ ትልቅ ነገር ነበር፤ ብርሃን የሚያሳልፈው መስኮቱም ለሐሰተኛ ገንዘብ አታሚዎች ያስቸግራል። ሞቃትና እርጥብ በሆነ የደሴቶች አገር ይህ ሁሉ ትርጉም አለው። ባንኩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ጭቅጭቁ ከአባካ ገበሬዎች ጋር ብቻ ይሆን ነበር።

ነገር ግን አብሮ ፊቶቹን አነሣ። በሦስቱ ቦታ የፊሊፒንስ ንስርና ሳምፓጊታ የተባለችው ነጭ አበባ ገቡ። የጀግኖቹ ቤተሰቦች፣ የታሪክ ምሁራን፣ መምህራን ተቃወሙ። ማቴሪያሉን ለመለወጥ ሰዎቹን ማንሣት ግድ አልነበረም፤ አውስትራሊያ ራሷ የሰዎችን ፊት በፖሊመር ላይ ታትማለች። ባንኩ የመለሰው ሦስቱ ያሉበት የወረቀት ኖት ከአዲሱ ጎን ለጎን መዘዋወሩን እንደሚቀጥል ነው። ኖቱ በኤፕሪል 18 ቀን 2022 ወጣ። በማግሥቱ ዓመት ዓለም አቀፉ የባንክ ኖቶች ማኅበር የ2022 ምርጥ ኖት ብሎ ሸለመው።

ሽልማቱ ይገባዋል? እንደ ሥራ፣ አዎን። ተመልከቱት። ንስሩ ጭንቅላቱን ዘወር አድርጎ የሚያየው አንድ ነገር ያለ ይመስላል፤ የጉትዬው ላባ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ወፉም ቢሆን ክብር የሚነፈገው አይደለም፤ ከ1995 ጀምሮ የአገሪቱ ብሔራዊ ወፍ ነው፣ ደኑ እየተመነጠረ ለመጥፋት የተቃረበ፣ በዱር የቀረው በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ ነው። አንድ ሕዝብ ሊያጣው የተቃረበውን ፍጡር በገንዘቡ ላይ ማተሙ የሚነቀፍ አይመስለኝም።

የምነቅፈው ሌላ ነገር ነው። እንስሳ በኖት ላይ ሲወጣ ማንም አይከራከርም፤ የማንም ወገን አይደለምና። እኛ ይህን ከማንም በላይ እናውቃለን። በ1976 የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ከኖቶቻችን ከተነሣ በኋላ በቦታው የገቡት ቡና ለቃሚ፣ አራሹ ገበሬ፣ በማይክሮስኮፕ የሚመለከተው ሰው ናቸው፤ ስም የላቸውም። ስም የሌለውን ሰው ከኖት ላይ የሚያነሣ መንግሥት አይመጣም። ሰላም ነው። ነገር ግን ልጆቻችን በገንዘባቸው ላይ ያለው ማን ነው ብለው ጠይቀውን አያውቁም።

በዲሴምበር 2024 ባንኩ ቀጠለ፤ በአምስት መቶው፣ በመቶውና በአምሳው የፖሊመር ኖቶች ላይም ሰዎቹ ቀርተው የቪሳያ አጋዘን፣ የፓላዋን ጣዎስ መሳይ ወፍና የቪሳያ ነብራዊ ድመት ወጡ። በአምስት መቶው የወረቀት ኖት ላይ ያሉት በ1983 የተገደሉት ኒኖይ አኪኖና ባለቤታቸው ፕሬዝዳንት ኮራሶን አኪኖ ናቸው፤ ለውጡ የመጣው ደግሞ በማርኮስ ልጅ የፕሬዝዳንትነት ዘመን ነው። ብዙዎች ሁለቱን አገናኙ። እኔ ግን ለጥንቃቄ አንድ ነገር ላስታውስ፦ የንስሩ ውሳኔ የተላለፈው በቀድሞው መንግሥት ዘመን ነው፤ መጀመሪያ የተነኩትም አኪኖዎቹ ሳይሆኑ የጦርነቱ ሦስት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ነገሩን በአንድ ቤተሰብ ቂም ብቻ ማስረዳት አይበቃም። ይልቅ የሚመስለኝ፣ ገንዘብ አታሚ ተቋማት በያለበት ከክርክር ለማምለጥ የሚያደርጉት ዝንባሌ አካል መሆኑን ነው። የቤተሰብ ቂም ቢሆን ኖሮ ሌላ ቤተሰብ ሲመጣ ይሻር ነበር፤ ይህኛው ግን የሚሻርበት ምክንያት አይኖረውም፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው።

አሁን በራሴ ክርክር ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ ላንሣ፤ ከእናንተ አንዱ እንደሚያነሣው አውቃለሁና። ያ ገንዘብ መንዛሪ ወጣት ስማቸውን አላወቀም። በእጁ በቀን መቶ ጊዜ የሚያልፉ ፊቶች ካልታወቁት፣ ከኖት መነሣታቸው ምን ያጎድላል? ለረጅም ጊዜ ይህ ጥያቄ አሸንፎኝ ነበር። በኋላ ያቺን ደቂቃ እንደገና አሰብኳት። ወጣቱ ስማቸውን አላወቀም፤ ነገር ግን «የጦርነት ጊዜ ጀግኖች» አለኝ፣ ቀጥሎም ስማቸውን አነበበልኝ፣ እኔም ሄጄ ፈለግኋቸው። ኖቱ አላስተማረም፤ ሰው እንዲጠይቅ ግን በር ከፈተ። ንስሩን ይዤ ብጠይቀው ኖሮ «ንስር ነው» ይለኝና ያበቃ ነበር። በ2021 መጨረሻም የሆነው ተመሳሳይ ነው፤ ሊነሡ ነው በተባለ ጊዜ ጋዜጦች ስለ ማላባንግ፣ ስለ ኤስኮዳ፣ ስለ ሊም በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያልጻፉትን ያህል ጻፉ።

ስለ አባካውም አንድ ነገር ልጨምር። የፖሊመሩ ኖት ጀርባ ላይ፣ ከሪፉና ከዕንቁው ጋር፣ የትናላክ ጥለት አለ። ትናላክ በደቡብ ሚንዳናው የትቦሊ ሴቶች የሚሸምኑት ጨርቅ ነው፤ ጥለቱ በሕልም ይታየናል ይላሉ። ክሩ የአባካ ቃጫ ነው። እንግዲህ ቃጫው ከገንዘቡ አካል ወጣ፣ ሥዕሉ ግን በፕላስቲኩ ላይ ቀረ። ከአባካ ኑሮውን የሚገፋ ገበሬ ከሥዕሉ ምን እንደሚያገኝ አላውቅም፤ የወረቀቱ ኖት በታተመ ቁጥር ግን ከእያንዳንዱ መቶ ኪሎ ሃያው የእርሱ ዓይነት ሰው እጅ ያለፈበት ነበር።

ሰዓቱ እያለፈ ስለሆነ እዚህ ላይ ላብቃና ወደ ጥያቄ እንሂድ። ሁለቱንም ኖቶች ከፊተኛው ረድፍ ጀምሬ አዞራለሁ። የፕላስቲኩን ወደ መብራቱ አንሥታችሁ በመስኮቱ ተመልከቱት። ኖቱ እንደወጣ ሰሞን ታጥፏል ብለው አንቀበልም ያሉ ሱቆች ነበሩና ባንኩ የታጠፈም ይሠራል ብሎ መግለጫ ለማውጣት ተገዷል፤ እናንተ ግን አታጥፉብኝ። የወረቀቱን እንደ ፈለጋችሁ ዳስሱት፤ በሦስቱ ፊቶች ሥር ስማቸው በትንሽ ፊደል ተጽፏል፣ የኋላ ረድፍ ያላችሁ መነጽር ያስፈልጋችኋል። ስትጨርሱ ሁለቱንም ወደ እኔ መልሱልኝ።